ስኳሬ ሲስተካከል ዓይኔ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦ «49 ዓመቴ ነው። ስኳር ካለብኝ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ብዙውን ጊዜ ችላ ብዬው ኖርኩ። የሦስት ወሩ የደም ስኳር አማካይ (ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ) 11.4 ከመቶ ሲመጣ ደንግጬ ኢንሱሊን ጀመርኩ። በአምስት ወር 7.1 አደረስኩት። በደስታ ዓይኔን ልታይ ብሄድ፣ ‹በቀኝ ዓይንዎ አዲስ ደም ስር በቅሏል፣ ሌዘር ያስፈልጋል› ተባልኩ። ከዓመት በፊት ‹መካከለኛ ጉዳት ነው፣ እንከታተለው› ነበር ያሉኝ። እኔ ግን በሁለቱም ዓይኔ ጥርት አድርጌ አያለሁ። የቸገረኝ በቅርቡ ያሠራሁት መነጽር ብቻ ነው፤ ለንባብ አልሆነኝም። የማውቀው ሰው ደግሞ ሌዘር ከተሠራ በኋላ ነው ማየት ያቆመው። ዓይኔን የጎዳው ኢንሱሊኑ ነው? ሌዘሩንስ ብተወው?»

መልስ፦

ዋናውን ላስቀድም። ኢንሱሊኑን አያቁሙ። ሌዘሩንም አይተዉት። ቀጠሮው ወራት የሚርቅ ከሆነ ደውለው እንዲያቀርቡልዎ ይጠይቁ፤ ይህ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መያዝ ያለበት ነገር ነው። ጥያቄዎችዎ ግን ተገቢ ናቸው። በዚህ የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ከሰው አፍ የምሰማቸው እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፦ «አያለሁ እኮ»፣ «መድኃኒቱ ነው ያጠፋኝ»፣ «ሌዘር ያሳውራል»። ሦስቱም ከሰው የዕለት ተዕለት ልምድ የመጡ ናቸው። ለዚህም ነው በቁጣ የማይጠፉት።

«አያለሁ እኮ» በሚለው ልጀምር።

በግድግዳ ላይ ያሉትን ፊደሎች ስናነብ የምንጠቀመው የሬቲናን መሃል ብቻ ነው። ማኩላ ይባላል፤ ስፋቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ለንባብ፣ ሰው ለመለየት፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚሠራው እሱ ነው። የቀረው ሰፊ ሬቲና የዳርና የጨለማ እይታን ይይዛል። የእርስዎ በሽታ አሁን ያለው እዚያ ሰፊው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋን መስመር ያለ ስህተት አንብበው፣ ሬቲናዎ ግን በአስጊ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። አይጋጭም። በዚያ ላይ ሬቲና የሕመም ነርቭ የለውም። ቢደማም፣ ቢያብጥም፣ ቢላቀቅም አያምም። ጥርስ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ሐኪም ቤት ያስሮጥዎት ነበር።

ውስጡ ምን እየሆነ ነው? የሬቲና ደም ስሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ግድግዳቸውን ከውጭ አቅፈው የሚደግፉ ሕዋሳት አሏቸው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ቀድመው የሚሞቱት እነዚህ ደጋፊዎች ናቸው። ያን ጊዜ ግድግዳው እዚህም እዚያም ይነፋል፤ ያረጀ የብስክሌት ጎማ የውስጡ ላስቲክ እንደሚያብጠው ማለት ነው። ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል። አንዳንዱም ጭራሽ ይዘጋል። ዓምና «መካከለኛ» የተባሉት በዚህ ደረጃ ላይ ሆነው ነው።

ደም ስሮቹ ሲዘጉ የተወሰነው ሬቲና ኦክስጅን ያጥረዋል። ሬቲና ደግሞ ለክብደቱ ሲታሰብ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ኦክስጅን አብዝተው ከሚፈጁት አንዱ ነው። የተራበው ክፍል «ደም ላኩልኝ» የሚል ኬሚካል ይለቃል፤ ሐኪሞች ቪኢጂኤፍ ይሉታል። ጥሪውን ሰምተው አዳዲስ ደም ስሮች ይበቅላሉ። ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ችግሩ እነዚህ ስሮች ጥራት የላቸውም። የተራበው ቦታ ውስጥም አይገቡም። በሬቲናው ገጽ ላይና የዓይንን ሆድ ወደ ሞላው ጄል ይወጣሉ። አንድ ቀን ጄሉ ሲጎትታቸው ይበጠሳሉ፤ ዓይን ውስጥ ደም ይፈሳል። ካልተበጠሱም አብሯቸው የሚያድገው ጠባሳ ይኮማተርና ሬቲናውን ከቦታው ይጎትተዋል። «አዲስ ደም ስር በቅሏል» የተባሉት ይህን ነው። ዛሬ ጥርት አድርገው ማየትዎ ገና አልደማም ማለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኢንሱሊኑ ነው። እዚህ ላይ በደንብ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሚነገረው።

እውነት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በፍጥነት ሲወርድ ዓይን ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይህ ወሬ አይደለም፤ ተለክቷል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የአንደኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ዲሲሲቲ የተባለ ትልቅ ጥናት ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስኳራቸውን አጥብቀው ከተቆጣጠሩት ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ዓይናቸው የባሰባቸው ከመቶ 13 ያህል ነበሩ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 8 ያህል። ስኳሩ ሲጀመር በጣም ከፍ ያለ በነበረና ሬቲናው ቀድሞ በተጎዳ ሰው ላይ ይብሳል። ማለትም እንደ እርስዎ ባለ ሰው ላይ።

ግን ጥናቱ እዚያ አላበቃም። ሰዎቹ በአማካይ ለስድስት ዓመት ተኩል ክትትል ተደረገላቸው። መጀመሪያ ዓይናቸው ጤነኛ ከነበሩት መካከል፣ ስኳራቸውን በጥብቅ የያዙት በሬቲና በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ76 ከመቶ ቀነሰ። ቀድሞ ጥቂት ጉዳት የነበረባቸውም የመባሱ ዕድል ከግማሽ በላይ ወረደላቸው። በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለው ዋጋ ኋላ ላይ ከነትርፉ ተመለሰ።

ለምን መጀመሪያ ይብሳል? አንዱ ማብራሪያ የደም ፍሰት ነው። ስኳር ሲበዛ ወደ ሬቲና የሚሄደው ደም ይጨምራል። ስኳሩ ሲወርድ ፍሰቱም ይወርዳል። ጤነኛ ሬቲና ይህን ልብም አይለው። ግማሽ ስሮቹ ተዘግተው በትርፍ ፍሰት ሲተነፍስ የነበረው ግን ድንገት ይርበዋል። ኢንሱሊን ብቻ የሚያመጣው ነገርም አይደለም። ስኳርን በፍጥነት የሚያወርድ ማንኛውም መንገድ ሊያደርገው ይችላል። በሳምንት አንዴ በሚወጋው ሰማግሉታይድ ላይ በ2016 በወጣ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 3 ያህሉ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 2 የማይሞሉት ከበድ ያለ የሬቲና ችግር ገጥሟቸዋል።

«ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል» የሚለው እምነት ሌላም ምንጭ አለው። ብዙ ሰው ኢንሱሊን የሚጀምረው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓይኑም ተጎድቷል። ሁለቱ አብረው ይመጡና ኋላ የመጣው ይከሰሳል።

እንግዲህ ስህተት ነበረ ከተባለ፣ በእኔ አስተያየት፣ ስኳሩን ማውረድዎ ላይ አይደለም። ሬቲናዎ እንደተጎዳ ከዓመት በፊት ታውቆ ነበር። 11.4 ላይ ሆነው ሕክምናው ሲጠነክር ዓይንዎ ያኔውኑ መታየት ነበረበት። ከዚያም በየሦስት ወሩ። ለስኳሩ የሚያክመው አንድ ሰው ነው፣ ለዓይኑ ሌላ፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ እንዲህ ያለው ክፍተት ይፈጠራል። የሚያናድደኝ ነገር ነው፤ የታካሚው ጥፋት ግን አይደለም። እርስዎ ያደረጉት ትክክል ነው። 7.1ን ይያዙት።

አሁን ወደ ሌዘሩ።

ታሪኩ ደስ ስለሚለኝ በአጭሩ ልንገርዎ። በ1945 የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። ጌርድ ማየር ሽቪከራት የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ግርዶሹን በባዶ ዓይን አይቶ ማኩላው የተቃጠለ ተማሪ ያክም ነበር። ጠባሳውን ሲያይ «ብርሃን ሬቲናን እንዲህ መተኮስ ከቻለ፣ በፈለግነው ቦታ ላይ ለምን አንጠቀምበትም?» ብሎ አሰበ። በመጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን ራሱን በመስተዋት እየመራ ሞከረው። ኋላ በኃይለኛ መብራት፣ ከዚያም በሌዘር ተተካ።

ለስኳር እንዴት እንደሚጠቅም ግን ለሰው ግራ ይገባዋል። ሌዘሩ አዲሶቹን ደም ስሮች አይቆርጥም። የሚተኩሰው የዳሩን ሬቲና ነው። ከሺህ የሚበልጡ ትንንሽ ነጥቦች ይሆናሉ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ተከፋፍለው። የዳሩ ሬቲና በከፊል ሲጠፋ የኦክስጅን ፍላጎቱ ይቀንሳል። ረሃቡ ሲቀንስ ያ ጥሪ ኬሚካልም ይቀንሳል። ጥሪው ሲቆም አዲሶቹ ስሮች በሳምንታት ውስጥ ይጠወልጋሉ። ዳሩን ከፍለን መሃሉን እናተርፋለን ማለት ነው። ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ትርፉ ግን ኪሳራውን ያስንቃል።

ማስረጃውን ከሁሉ በላይ የማምነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። በአሜሪካ በ1970ዎቹ የተሠራ ጥናት ነው፤ ከ1,700 በላይ ሰዎች ነበሩበት። የእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን በብርሃን ተተኮሰ፣ ሌላው ሳይነካ ተተወ። ያው ሰው፣ ያው ስኳር፣ ያው ደም ግፊት። በ1976 ውጤቱ ወጣ፤ በተተኮሰው ዓይን ላይ ከባድ የእይታ ማጣት ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ያልታከመውን ዓይን ዝም ብሎ መመልከት ቀረ፤ አስጊ ደረጃ ላይ የደረሰው ሁሉ እንዲታከም ተወሰነ።

ታዲያ የሚያውቁት ሰው ለምን ማየት አቆመ? እሱን አላየሁትም፤ የተለመደው መንገድ ግን ይህ ነው። ሰው ሌዘር የሚሠራው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ከደማ፣ ጠባሳው ሬቲናውን መጎተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሌዘሩ የጀመረውን ሁሉ ማስቆም አይችልም። በሽታው ይቀጥላል፤ ዘመድ አዝማድ ግን የሚያስታውሰው «ሌዘር ተሠራ፣ ከዚያ ታወረ» የሚለውን ነው። ሌላም አለ። ሌዘር እይታን ያሻሽላል ብሎ የሄደ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ሌዘር ያለዎትን ያቆይልዎታል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ይህን በግልጽ ሳይነግሩ ሰውን ማሽኑ ላይ ማስቀመጥ ትክክል አይመስለኝም።

ጉዳትም አለው፤ ልደብቅዎ አልፈልግም። የማታ እይታ ይቀንሳል። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገቡ ዓይን ለመልመድ ይዘገያል። የዳር እይታ ትንሽ ሊጠብ ይችላል፤ መኪና የሚነዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው። ማኩላ ቀድሞ ያበጠ ከሆነ ሌዘሩ እብጠቱን ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ከሌዘሩ በፊት ኦሲቲ የሚባለው ምርመራ ይሠራልዎ። ዓይንን ሳይነካ ሬቲናን እንደ ዳቦ ቁራጭ ከጎን የሚያሳይ ምስል ነው፤ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። ካልሠሩልዎ «ማኩላዬ አብጧል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ይሁን።

ቀኑ ራሱ እንዲህ ነው። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ይደረግልዎታል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቃሉ። የማደንዘዣ ጠብታ ይከተላል። አገጭዎን ማሽኑ ላይ ያስደግፋሉ፣ ዓይንዎ ላይ ሌንስ ይቀመጣል፣ ከዚያ ብልጭ ብልጭ ነው። አንዳንዱ ነጥብ ቆንጠጥ ያደርጋል። በዝቶ ከታመሙ ዝም ብለው አይቻሉት። ማረፍ ይቻላል፤ ጠንከር ያለ ማደንዘዣም አለ። ለጥቂት ሰዓት ዓይንዎ ብዥ ስለሚል የሚወስድዎ ሰው ይኑር። የፀሐይ መነጽርም አይርሱ።

«መርፌ ይሻላል» የሚል ሰው ያገኙ ይሆናል። ያንን ጥሪ ኬሚካል የሚዘጉ መድኃኒቶች አሉ፤ በዓይን ነጭ ክፍል በኩል ወደ ውስጥ ይወጋሉ። በአፍ ሲነገር ያስፈራል፤ ዓይን ደንዝዞ ሲሠራ ግን የመርፌው ቆይታ ጥቂት ሰከንድ ነው። ማኩላ ሲያብጥ ዛሬ የመጀመሪያው ሕክምና መርፌው ነው፤ የጠፋ እይታንም በከፊል የሚመልስበት ጊዜ አለ። አዲስ ደም ስርንም ያጠወልጋል። በ2015 በወጣ ትልቅ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ከሌዘር ያነሰ ውጤት አላሳየም።

ግን አንድ ትልቅ «ግን» አለ። መርፌው ለሳምንታት ነው የሚሠራው። ተከታታይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ በየወሩ። ታካሚው በሆነ ምክንያት ስድስት ወር ከጠፋ ደም ስሮቹ ይመለሳሉ፤ ሬቲና ተላቆ የሚመጣም አለ። ሌዘር ግን አንዴ ከተሠራ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው፦ ማኩላዎ ካላበጠና በየወሩ መመላለሱ የሚከብድዎ ከሆነ ሌዘር። ማኩላው ካበጠ መርፌ ይቀድማል፣ ሌዘሩ ይከተላል። ያየዎት ሐኪም ሌላ ምክንያት ካለው ይስሙት፤ ዓይንዎን ያየው እሱ ነው።

በመሃሉ ከባድ ነገር አያንሱ። ትንፋሽ ይዞ የሚያስምጥ ስፖርትም ሌዘሩ እስኪያልቅ ይቅር። መራመድ ምንም አይልም። ለልብ አስፒሪን ታዞልዎ ከሆነ ዓይኔን ያደማል ብለው በራስዎ አያቁሙት፤ በጥናት ተፈትሾ በዓይን ውስጥ መድማትን እንደማይጨምር ታይቷል። ደም ግፊትዎን ያስለኩ። ብዙ ሰው ዓይንን ከስኳር ጋር ብቻ ያያይዛል፤ በ1998 የወጣው የእንግሊዞች ጥናት ግን የደም ግፊትን ማጥበቅ ብቻውን የሬቲናን መባስ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኩላሊትዎንም ይታዩ። ሁለቱ አካላት በቀጫጭን ደም ስሮች ስለሚኖሩ አንዱ ሲጎዳ ሌላውን መፈተሽ ደንብ ነው።

ሐኪሙ ስለ ግራ ዓይንዎ ምን እንዳለ አልጻፉም። አንዱ ዓይን እዚህ ከደረሰ ሌላው ብዙ አይርቅም። በዚያው ቀን እሱም በደንብ ይታይ። ከዚህ በኋላ በዓመት አንዴ የሚባለው ለእርስዎ አይሠራም። በየሦስትና አራት ወሩ ነው፣ ሁለቱም ጸጥ እስኪሉ።

የሚከተሉትን ካዩ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ድንገት የጥቁር ነጠብጣብ ዝናብ፣ የሸረሪት ድር ወይም ቀላ ያለ ጭስ የመሰለ ነገር። ከጎን እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ። ቀጥ ያለው የበር ጠርዝ ጎብጦ ሲታይ። የሚቀላና የሚያም ዓይን። ድንገት አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት። በዚያው ዕለት ይሂዱ። ዓይንዎ ደምቶ ከሆነ እስኪታዩ ድረስ ትራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ፤ ደሙ ወደ ታች ይሰበሰባል።

የቀረው መነጽሩ ነው፤ እሱ ቀላሉ ነው። ስኳር ከፍ ሲል በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ውሃ ይስባል፣ ቅርጹም ይለወጣል። ያሠሩት መነጽር ለዚያ ላበጠው ሌንስ ነበር። ስኳሩ ሲወርድ ሌንሱም ይመለሳል፤ በመሃሉ ሰው የቅርብ ንባብ ይከብደዋል። ይህ ከሬቲናው ጋር አይገናኝም፤ የዓይን ሞራም አይደለም። ስኳርዎ ሳይዋዥቅ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆይ። የሌዘሩ ቀጠሮዎችም ይለፉ። ከዚያ እንደገና ይለኩ። እስከዚያው ለንባብ ብቻ በቁጥር የሚሸጠውን ርካሽ መነጽር ይጠቀሙ፤ አይጎዳም።